ሠራተኛን ስለ መቅጠርና በሥራ ቦታ ጤናንና ደኅንነትን ስለ መጠበቅ
ለመጋዘን ባለቤቶችና ለላኪ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

የቡና ለቀማው ወራት አልፎ አዲሱ ቡና ወደ አዲስ አበባ መጋዘኖች መግባት በሚጀምርበት ጊዜ የላኪው ነጋዴ ሐሳብ በሙሉ በሦስት ነገሮች ላይ ያርፋል፤ እነርሱም የቡናው ደረጃ፥ የባንኩ ፈቃድና የመርከቡ ቀን ናቸው። የሠራተኛው ጉዳይ የሚታሰበው ከእነዚህ በኋላ ነው። ጧት በመጋዘኑ በር ላይ ከተሰበሰቡት የቀን ሠራተኞች መካከል ካቦው ሃያውን ወይም ሠላሳውን በጣቱ እየጠቆመ ያስገባል፤ ስማቸው በደብተር ይጻፋል፤ ማታ የቀኑ ሒሳብ ይከፈላቸውና ይሰናበታሉ። ይህ አቀጣጠር ከጥንት የተለመደ ስለ ሆነ ብዙው ነጋዴ ነገሩ የሥራ ውል መሆኑን እንኳ አያስበውም። ሕጉ ግን ውል ነው ይላል። ሰውየው የሚሠራው ለአንድ ቀን ብቻ ቢሆንና አንዳችም ወረቀት ያልተፈረመ ቢሆን፥ በሌላ ሰው መሪነት ደመወዝ እየተከፈለው እስከ ሠራ ድረስ ሠራተኛ ነው። ካቦውም የመረጣቸው በነጋዴው ስም ስለ ሆነ «የቀጠራቸው እርሱ ነው» የሚለው መልስ ነጋዴውን ከኃላፊነት አያወጣውም።

በመሠረቱ ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ንግድ አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል በደነገገበት ክፍል የሠራተኛውን ጤናና ደኅንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን አመልክቶ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ስለ አሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ዐዋጅ ቁጥር 210 ታወጀ፤ ከዚያም ወዲህ በ1968፥ በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. ልዩ ልዩ ዐዋጆች እየተተካኩ ወጡ። ዛሬ የሚሠራበት ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ሕገ መንግሥቱም በ42ኛው አንቀጽ ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከ1916 ዓ.ም. አንሥቶ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት ያወጣውን 155ኛውን ስምምነት አገሪቱ በ1983 ዓ.ም. ተቀብላዋለች፤ ድርጅቱም በሰኔ 2014 ዓ.ም. ጤናማና ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ጋር ደምሮታል።

ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የአሠሪው ኃላፊነት በጥፋት ላይ የተመሠረተ አለመሆኑ ነው። በሌላው የፍርድ ጉዳይ ካሣ የሚጠይቅ ሰው ተከሳሹ ማጥፋቱን ማስረዳት ይኖርበታል። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ግን እንዲህ አይደለም። ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ምክንያት ከተጎዳ፥ ነጋዴው ምንም ሳያጠፋ እንኳ ተጠያቂ ይሆናል። ይህም ድንጋጌ በመጋዘኑ አጥር ውስጥ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። በአሠሪው ትእዛዝ ወደ ሌላ ስፍራ ሄዶ የተጎዳውን፥ በሥራው ምክንያት በግቢው ውስጥ ሳለ ከሥራ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ወይም በዕረፍት ጊዜ አደጋ የደረሰበትን፥ ድርጅቱ ባቀረበው ወይም በተከራየው የሠራተኞች ማመላለሻ መኪና ወደ ሥራው ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳውን ሁሉ ይጨምራል። ጫኝና አውራጆችን በጭነት መኪና ላይ፥ ከጆንያው በላይ አስቀምጦ ከመርካቶ ወደ ቃሊቲ የሚልክ ነጋዴ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነበው አይከፋም።

አሠሪው ከኃላፊነት የሚድንበት መንገድ ጠባብ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ያደረሰ እንደሆነ ካሣ የለውም፤ በተለይም አሠሪው ቀደም ብሎ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ የጣሰ፥ የአደጋ መከላከያ ደንቦችን ያላከበረ፥ ወይም አካሉንና አእምሮውን ለመቈጣጠር በማይችልበት ስካር ሥራ ላይ የተገኘ ሠራተኛ በዚህ ይመደባል። እዚህ ላይ «ቀደም ብሎ በግልጽ» የሚሉት ቃላት ከፍ ያለ ክብደት አላቸው። መመሪያ ያልሰጠ አሠሪ መመሪያዬ ተጣሰ ለማለት አይችልም። በቃል ሰጥቻለሁ የሚልም ምስክር ማቅረብ አለበት፤ ምስክሮቹም ብዙውን ጊዜ የተጎዳው ሰው የሥራ ጓደኞች ናቸው። ስለዚህ በቅጥሩ ቀን የሚሰጠው አጭር ትምህርትና የሚፈረመው አንድ ገጽ ወረቀት ለሠራተኛው ሕይወት መጠበቂያ፥ ለነጋዴውም መከላከያ ይሆናል።

ከቅጥሩ በፊትና በቅጥሩ ቀን

የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ያለው ትልቅ ድርጅትም ሆነ ሁሉን በራሱ የሚሠራ ባለሱቅ አስቀድሞ የሚመለከተው የሰውየውን ዕድሜ ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ በማናቸውም ሥራ አይቀጠርም። በቀድሞው ሕግ ወሰኑ 14 ስለ ነበረ የቆየውን ቁጥር ይዘው የሚሠሩ ዛሬም አይታጡም። ከ15 ዓመት እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሊቀጠር ይችላል፤ ነገር ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው የሌሊት ሥራ፥ እንዲሁም በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት መሥራት ተከልክሎለታል። የዚህን ጋዜጣ አንባቢ በይበልጥ የሚነካው ግን ሌላው ክልከላ ነው፤ ይኸውም በወደብና በመጋዘን ከባድ ዕቃ ማንሣት፥ መሳብና መግፋት ለወጣት ሠራተኛ ከተከለከሉት ሥራዎች አንዱ መሆኑ ነው። ከገጠር የመጣ የ16 ዓመት ጐረምሳ ትከሻው ሰፊ ስለ ሆነ ብቻ ኩንታል ማሸከም ሕግን መተላለፍ ነው። «ዕድሜውን ሲጠየቅ 20 ነው አለ» የሚል መልስ ደካማ ነው፤ የልደት ማስረጃ ወይም መታወቂያ አይቶ ቁጥሩን መመዝገብ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ሁለተኛው የጤና ምርመራ ነው። የሥራው ጠባይ የሚያስፈልገው ሲሆን አዲስ የሚቀጠረውን ሠራተኛና በአደገኛ ሥራ ላይ የተሰማራውን ሰው ማስመርመር የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ወጪውም የአሠሪው ነው። የምርመራ ወረቀት በራስህ ገንዘብ አምጣ ብሎ ሥራ ፈላጊውን መመለስ የተለመደ ቢሆንም ከሕጉ መንፈስ ውጭ ነው። የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ግን በዚህ ግዴታ ውስጥ አይገባም፤ ለቅጥርም መጠየቂያ ሊደረግ አይገባውም። ምርመራው የሚደረገው ሰውን ለመምረጥና ለማባረር ሳይሆን ሰውየው የሚችለውን ሥራ ለማወቅ ነው። ሳንባው የደከመ ሰው ቡና በሚበጠርበት አቧራ ውስጥ እንዳይቆም፥ ወገቡ የታመመም ጆንያ እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ሁለቱም ግን በሚዛን ወይም በመዝገብ ሥራ ሊጠቅሙ ይችላሉ። አካል ጉዳተኞችን በቅጥር ማግለል በ2000 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 568 የተከለከለ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ምርመራው ሌላ ጥቅምም አለው። ሰውየው ከመቀጠሩ በፊት ምን ዓይነት ጤና እንደ ነበረው በወረቀት ካልታወቀ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚገኘው የሳንባ ሕመም ከሥራው የመጣ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ማለቂያ አይኖረውም።

ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜን በሚመለከት አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ። የሙከራው ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚህም ጊዜ ሠራተኛውን ማሰናበት ይቀላል፤ ሆኖም በሙከራ ላይ ያለ ሰው መብቱና ግዴታው ከሌላው ሠራተኛ ጋር አንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን፥ በመጀመሪያው ሰዓት የወደቀ ጆንያ እግሩን የሰበረው ሰው አሥር ዓመት እንዳገለገለው ሰው ይታያል። እንዲያውም አዲስ ገብ ሰው ቦታውን ስለማያውቅ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ ነው፤ የትኛው ክምር እንደ ዘመመ፥ ፎርክሊፍቱ በየት በኩል እንደሚዞር፥ የኤሌክትሪኩ ሣጥን የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ኃላፊ በመጋዘኑ ውስጥ አብሮት ተዘዋውሮ አደገኛውን ሁሉ ሊያሳየው ይገባል። ትምህርቱ ሠራተኛው በሚሰማው ቋንቋ ይሁን፤ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ ሰዎች በሚሠሩበት ግቢ በአማርኛ ብቻ የተለጠፈ ማስታወቂያ ለሁሉም አይደርስም። ጓንት፥ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፥ ጫማና የራስ ቆብ የሚቀርበውም በአሠሪው ወጪ ነው፤ አጠቃቀሙንም ማስተማር ግዴታው ነው። ዋጋውን ከቀን ሒሳብ መቀነስ የለበትም።

ስለ ሸክምና ስለ እህል መድኃኒት

በላኪና በአስመጪ መጋዘን ውስጥ ከሚታዩት አደጋዎች ሁለቱን ለይቶ መመልከት ይጠቅማል፤ አንዱ ሁሉም የሚያየው፥ ሁለተኛው ማንም የማያየው ነው።

የሚታየው ሸክም ነው። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ባወጣው 128ኛ ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ብቻውን የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ መክሯል። ለውጭ ገበያ የሚላከው የኢትዮጵያ ቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ የእህሉ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። እንግዲህ ቡናው ከተመከረው ልክ በ5 ኪሎ ያልፋል፤ ኩንታሉ ግን እጥፍ ለመሆን የቀረው ጥቂት ነው። ኩንታል ተሸክሞ በሳንቃ ላይ እየወጣ መኪና የሚጭን ሰው በ30 ዓመቱ ብርቱ ይባላል፤ በ45 ዓመቱ ወገቡን ይዞ ከመጋዘን በር ይቀራል። በእህሉ ንግድ 50 ኪሎ ከረጢት መጠቀም ወጪው ጥቂት ነው፤ ባለ ሁለት እግር ጋሪም ከአንድ ሰው የሕክምና ወጪ ያንሳል። ክምሩን በተመለከተ ጆንያው እንደ ጡብ ተጠላልፎ መደርደር፥ ከግድግዳው መራቅ፥ ሲነሣም ከላይ ወደ ታች መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚጎዳው ቶሎ ለመጨረስ ሲባል ከሥር ሲመዘዝ ነው።

የማይታየው ደግሞ ተባይ ለመግደል በመጋዘን የሚቀመጠው መድኃኒት ነው። አልሙኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ክኒን የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ሦስት ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን አንድ ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ መሠረት ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ሥራ ውስጥ ሊተነፍሰው የሚፈቀደው መጠን በአማካይ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 0.3 ብቻ ነው፤ ከዚህም የጋዙን ብርታት መገመት ይቻላል። ጋዙ ከአየር ጥቂት ስለሚከብድ በዝቅተኛ ስፍራ ይተኛል። ለተመረዘ ሰው የሚሰጥ የታወቀ ማርከሻ የለውም። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ አለው ይባላል፤ ሆኖም በሽታው መተማመን አይገባም፤ ሽታው ሳይታወቅ ጋዙ ሊኖር ይችላልና። ክኒኑ ውሃ ከነካው እሳት ሊነሣ ስለሚችል በውሃ ማጥፋት አደጋውን ያባብሰዋል።

ከዚህ የተነሣ መድኃኒቱን የሚያስቀምጠው የሠለጠነ ሰው ብቻ መሆን አለበት። በሩ ተቆልፎ የአደጋ ምልክት ይለጠፍበታል፤ መጋዘኑ ከተከፈተ በኋላ በደንብ አየር ሳያገኝና ጋዙ በመለኪያ ሳይታይ ማንም አይገባም። ከዚህ ላይ የቅጥሩና የደኅንነቱ ጉዳይ ይገናኛል። ዛሬ ጧት ከበር የተጠራው የቀን ሠራተኛ ትናንት ማታ በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደ ተቀመጠ አያውቅም። ይህን ሊነግረው የሚችል የቀጠረው ሰው ብቻ ነው። ሌሊት በዚያው መጋዘን ጥግ የሚያድር ዘበኛም እንዳለ አይዘነጋ፤ መድኃኒት ሲደረግ ስለ እርሱ መኝታ የሚያስብ ጥቂት ነው።

አደጋው ከደረሰ በኋላ

አሠሪው ለተጎዳው ሰው ወዲያውኑ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጥቶ በሚገባ መጓጓዣ ወደ ቅርቡ ሕክምና ቤት ያደርሰዋል፤ የሐኪም፥ የቀዶ ሕክምና፥ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ፥ አስፈላጊ ሲሆንም የሰው ሠራሽ አካል ወጪ በእርሱ ላይ ነው። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ክፍያ ያገኛል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፥ በሚቀጥሉት 3 ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ የማያንስ፥ በቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል።

ሒሳቡን በምሳሌ ለማየት፥ በወር 6,000 ብር የሚያገኝ የመጋዘን ሠራተኛ እግሩ ተሰብሮ ዓመቱን በሙሉ ከሥራ ቀረ እንበል። የመጀመሪያው ክፍል 18,000 ብር፥ ሁለተኛው 13,500 ብር፥ ሦስተኛው 18,000 ብር፥ ባንድነት 49,500 ብር ይሆናል፤ የሕክምናው ወጪ ለብቻው ነው። ጉዳቱ ሠርቶ ለመኖር ፈጽሞ የማያስችል የሆነ እንደሆነና ሰውየው የጡረታም ሆነ የመድን ሽፋን ከሌለው፥ አሠሪው የአምስት ዓመት ደመወዙን ባንድ ጊዜ ይከፍላል፤ በዚህ ምሳሌ 360,000 ብር ማለት ነው። የአካል ጉዳቱ ከፊል ሲሆን ክፍያው እንደ ጉዳቱ መጠን ይቀነሳል። ጥቂት ጆንያ ቡና የሚያስጭን አነስተኛ ነጋዴ ይህን ገንዘብ ከካዝናው አውጥቶ ሥራውን ለመቀጠል ይቸግረዋል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች በ2014 ዓ.ም. በወጣው የጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 1268 መሠረት አሠሪው 11 በመቶ፥ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ይህን መዋጮ ለማዳን ሠራተኞቹን ከመዝገብ ውጭ የሚያቆይ ነጋዴ ያዳነው ሳንቲም በአንድ አደጋ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል አብሮ ማስላት አለበት።

ሠራተኛውም ግዴታ አለበት። የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ መጠቀም፥ የደኅንነት ትእዛዞችን መፈጸም፥ ያየውን ጉድለትና የደረሰውን አደጋ ለአሠሪው ማስታወቅ ይገባዋል፤ የደኅንነት መሣሪያዎችን መንቀል ወይም ማበላሸት ተከልክሎበታል። በአንጻሩ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው የሚያሰጋ አደጋ መቃረቡን አሠሪው ተነግሮት በተሰጠው ጊዜ ውስጥ አንዳች እርምጃ ያልወሰደ እንደሆነ፥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለመልቀቅ ይችላል። ስለዚህ «ክምሩ ዘሟል» ብሎ የሚናገርን ሠራተኛ እንደ ሰነፍ መቁጠር በሁለት በኩል ያስከስሳል።

ባሕር ማዶ ያለው ገዢም ዛሬ ስለዚህ ነገር ይጠይቃል። ለዚህ ትልቅ ምክንያት የሆነው ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ፥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ መደርመሱ ነው። በዋዜማው ግድግዳው ተሰንጥቆ ታየ፤ በታችኛው ፎቅ የነበሩት ባንክና ሱቆች ተዘጉ። በላይ ያሉት የልብስ ሰፊዎች ግን የዕቃው ማስረከቢያ ቀን ደርሷል ተብለው በማግሥቱ ወደ ሥራ ተጠሩ። 1,134 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ ገዢዎች ከሻጮቻቸው የደኅንነት ማስረጃ መፈለግ አብዝተዋል። ጀርመንም ትልልቅ ኩባንያዎቿ በአቅራቢዎቻቸው ዘንድ ያለውን የሥራ ደኅንነት ጭምር እንዲከታተሉ የሚያዝዝ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ጀርመን ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢዎች አንዷ እንደ መሆኗ፥ ከሐምቡርግ የሚመጣ የጥያቄ ወረቀት ስለ ቡናው እርጥበት ብቻ ሳይሆን ስለ ጫኞቹ ጫማና ስለ አደጋ መዝገቡም ሊጠይቅ ይችላል።

መዝገቡ ራሱ አስቸጋሪ ሥራ አይደለም። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም፥ ዕድሜ፥ አድራሻና የተቀጠረበት ቀን፥ የጤና ምርመራው ውጤት፥ የተሰጠው መከላከያና ትምህርት ከነፊርማው፥ የዕረፍት ቀኖቹ፥ ጉዳት የደረሰበት እንደሆነም ቀኑ፥ ሰዓቱና ሁኔታው ይጻፍበታል። በሥራ ላይ የደረሰ አደጋና ከሥራ የመጣ በሽታ ተመዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት መገለጽ አለበት፤ ይህም ጉዳይ በፌዴራል ደረጃ የሚታየው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ተቈጣጣሪው አስቀድሞ ሳያስታውቅ ሊገባ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀውም ይህንኑ መዝገብ ነው። ስለዚህ መዝገቡ በሒሳብ ሹሙ ቤት ወይም በዋናው መሥሪያ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ሳይሆን፥ በመጋዘኑ ውስጥ ካቦው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ፥ ከቀን ሒሳቡ ደብተር አጠገብ ይቀመጥ።